በሩ ላይ የምትዘፍነው ዳክዬ

ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስበይድ ውዬ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ ለራሴ ስበይድ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ጤንነቴን ይጠራጠራል። ባለቤቴማ በግልጽ ይናገረዋል። «ሰው ከሥራ ሲመጣ ያርፋል፤ አንቺ ሥራሽን ተሸክመሽ ትመጫለሽ» ይለኛል። አይገባውም። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት ቦርድ ይመጣል፣ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ እርሳስ አቀልጣለሁ፣ ቦርዱ ይሄዳል። ሄዶ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ የነገረኝም የለም። ቤቴ ግን የሠራሁት ነገር ዓይኔ እያየ ይበራል፣ ይጮኻል፣ ይሽከረከራል። ሰው የሠራውን ነገር መጨረሻ ማየት አለበት፤ ካላየ ያብዳል። እኔ እንዳላብድ ነው የምበይደው።

ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ያለው ቤታችን ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም። የኔ ነው። ሰው ደጃፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከጋራዥ ሴል የለቀምኳቸው የተበላሹ ራዲዮኖች፣ የልጆች መጫወቻዎች፣ የአትክልት መብራቶች፣ ክንፋቸው የተሰበረ ቬንትሌተሮች በካርቶን በካርቶን ተቀምጠዋል። ከጁስ መፍጫ ሞተር የክር ማጠንጠኛ ሠርቼ ነበር፤ ክሩን በጣጥሶ ጨረሰው እንጂ መሽከርከሩንስ ይሽከረከራል። ሰመር ሲመጣ ጋራዡ እንደ ምድጃ ይግላል። ያኔ ዕቃዬን ሰብስቤ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እወጣለሁ፣ ባለቤቴም ሽሮው ውስጥ ሽቦ አገኘሁ እያለ ስሜን ያጠፋል። እሱ ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ነው የሚወደው። ሳጥን መክፈት፣ ፕላስቲኩን መላጥ፣ ስልኩ ላይ አፕ ጭኖ «ይኸው!» ማለት፤ የሱ ሙያ ይኸው ነው።

እናቴ አባታችን ከሞተ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ስትመጣ ደህና ነበረች። ቆይታ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ መጨመር ጀመረች፤ ከዚያ እኔን በእህቷ ስም መጥራት፤ ከዚያ ከቤት መውጣት። መጀመሪያ የጠፋችብን ዕለት ያገኘኋት መንገዱ ማዶ፣ ሣር ውሃ ከሚያጠጣ የሜክሲኮ ሰውዬ ጋር ቆማ ስታወራ ነው። እሷ በአማርኛ ስለ ቤት ኪራይ ትነግረዋለች፤ እሱ የውሃ ጎማውን እንደያዘ አንገቱን እየነቀነቀ በአክብሮት ይሰማታል። ያን ዕለት ሳቅን። በሚቀጥለው ግን ያገኘናት መኪና እንደ ጥይት በሚበርበት ትልቁ መንገድ ዳር ስለነበር የሳቀ የለም።

ብቻዋን ትተናት አናውቅም። እኔ ቀን ስሠራ ባለቤቴ ሌሊት ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ አንዳችን ሁልጊዜ ቤት አለን። ግን ቤት ያለው ሰው ወይ ይተኛል፣ ወይ ያበስላል፣ ወይ ሻወር ይገባል። እማዬ ደግሞ ድመት ናት፤ ኮቴዋ አይሰማም። በሩን በቁልፍ ዘግተንባት ነበር። መዝጊያውን በጡጫ እየደበደበች «አሰሩኝ! የሰው ያለህ!» ብላ ስትጮኽ ጎረቤት ወጣ። ደግሞስ እሳት ቢነሳ ብዬ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

«ሶ ካሜራ ኦርደር ላድርግ?» አለ ባለቤቴ። «ማለቴ፣ በሩ ላይ የሚደረገውን። ስልካችን ላይ ኖቲፊኬሽን ይልካል።»

«የኔ ስልክ ሥራ ቦታ ሎከር ውስጥ ነው የሚውለው። አንተ ደግሞ ተኝተህ ኖቲፊኬሽን ታያለህ?»

«ኦኬ፣ ቢያንስ የሄዱበትን እናያለን።»

«ካሜራ የሄደ ሰው ነው የሚያሳየው» አልኩት። «እኔ የምፈልገው የሚያስቆም ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከባድ አይደለም። በሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ትለጥፋለህ፤ መቃኑ ላይ ማግኔቱ ሲርቅ የሚነካካ ስስ ማብሪያ ትገጥማለህ። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፣ ማብሪያው ይነካካል፣ የፈለግከው ነገር ይጮኻል። መጀመሪያ ያስጮኽኩት ከተጣለ የጭስ ማስጠንቀቂያ ያወጣሁትን ጩኸት ነበር። እማዬ በሩን ስትከፍት እንደዚያ ሲያንባርቅባት ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተኮማተረች። ምን እንደመሰላት እግዜር ይወቅ፣ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። በእጄ የሠራሁትን ነገር እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም። በመዶሻ ነው ያወረድኩት።

ዳክዬዋን ያገኘችው ራሷ እማዬ ናት። የሰፈራችን ሰዎች ደጃፋቸው ላይ የልጆች ዕቃ ዘርግተው ሲሸጡ ይዣት ወጥቼ ነበር። ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ አነሳች፤ ሆዷን ስትጫነው ዳክዬዋ አፏን እየከፈተች እየዘጋች አንድ የሕፃናት ዜማ ዘፈነች። እማዬ በሳቅ ፈረሰች። ከእጇ ላስጥላት ብል እንደ ልጅ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ገዛሁላት። ጋራዥ ገብቼ የዳክዬዋን ሆድ ከፈትኩ፣ የሚጫኑትን ነገር አወጣሁና በምትኩ ከበሩ ማብሪያ የሚመጣውን ሽቦ በየድኩላት፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አጎረስኳት፣ ከበሩ በላይ ሰቀልኳት። ባለቤቴ ዓይቶ «አሁን ቤታችን መዋዕለ ሕፃናት ሆነ» አለ።

ይበል። ዳክዬዋ ሠራች። እማዬ በሩን ትከፍታለች፤ ዳክዬዋ ትዘፍናለች፤ እማዬ ቀና ትላለች። «ደግሞ ምን ሆንሽ አንቺ?» ትላታለች እየሳቀች። አንዳንዴ ታጨበጭብላታለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ እኔ ከጋራዥ ደርሼ ክንዷን ይዣለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን መድረስም አያስፈልገኝ፤ ወዴት ልትሄድ እንደነበር ረስታው በሩን ራሷ ዘግታ ትመለሳለች። ተመራቂ ልጅ ያላት እናት የማትኮራውን ያህል ኮራሁባት፣ በዚያች ዳክዬ። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እማዬ ደጃፋችንን አልፋ አልሄደችም።

ወንድሜ አዲስ አበባ በድንገት ሞተ። የእማዬ የመጨረሻ ልጅ ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚህ ያሉት የእድራችን ሰዎች ከእኔ በፊት ሰምተው፣ እኔ እንዳልሰማ ለዘመድ ሁሉ ደውለው አስጠንቅቀው፣ ቅዳሜ ጠዋት ገና እህል ሳልቀምስ መጡ። በሩን ስከፍት ዳክዬዋ መዝፈን ጀመረች። ደጃፉ ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። አፌን ሳልከፍት ገባኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም ቃል አልተናገረም፤ እኔም መጮህ የጀመርኩት ከሱ በኋላ ነው።

ከፊት የነበሩት እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። በዳላስ ዙሪያ የሐበሻ ለቅሶ ያለሳቸው አይሆንም። ፍራሹን የሚያስነጥፉ፣ ምግቡን የሚያስተባብሩ፣ ሐዘንተኛዋን ደግፈው የሚያስቀምጡ እሳቸው ናቸው። ከባድ ሴት ናቸው፤ ሁሉም ይፈራቸዋል፣ ሁሉም ይፈልጋቸዋል። እማዬን አቅፈው አስቀምጠው ነገሯት። እናቴ እንደ ማንኛዋም እናት ሆነች፤ ደረቷን መታች፣ «ልጄን! ልጄን!» አለች፣ አራት ሴቶች ያዟት። ከዚያ ደክሟት ዝም አለች። ሻይ መጣ። ሻዩን ፉት ብላ በዙሪያዋ ያሉትን አየችና «ማን ሞቶ ነው እናንተ?» አለች።

መርሳቷን ያላወቀ አንድ ሰው ነገራት። እንደገና ደረቷን መታች፤ እንደ አዲስ፣ ከመጀመሪያው አንዳች ሳይቀንስ። ከሰዓት በኋላም እንደዚሁ። እኔ የወንድሜን ሞት አንዴ ነው የሰማሁት። እሷ በጠየቀች ቁጥር ትሰማው ነበር። በመጨረሻ መቋቋም አቃተኝና «ይብቃ! ተዉአት!» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩ።

እትዬ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ። «ይህችን ሴት በየሰዓቱ አንግደላት። ከእንግዲህ ስትጠይቅ የጎረቤት ልጅ ነው በሏት።»

እንዲሁ ተደረገ። እኔ ራሴ አልኳት።

«የጎረቤት ልጅ ሞቶ ነው እማዬ።»

«ውይ! የየትኛው ጎረቤት?»

«የዚህ፣ የታች ሰፈሩ።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«ወይኔ እናቱን!» አለችና ራሷን እየነቀነቀች ሻይዋን ጠጣች። አላለቀሰችም። ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጎረፈ። መኪና በመንገዱ ግራና ቀኝ ፓርክ ተደርጎ ቦታ ጠፋ። በሩ አጠገብ ጫማ እንደ ኮረብታ ተከመረ። እኔ ፍራሹ ላይ ነኝ፤ ሐዘንተኛ አይነሳም፣ ቢነሳም ይቀመጥ ይባላል። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሌሎች ሴቶች ያዝዛሉ፤ በሬን ሌሎች ሰዎች ይከፍታሉ። ዳክዬዋ ግን ሥራዋን አልተወችም። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ትዘፍናለች። የመጡት ሕፃናት ከሥሯ ተሰብስበው ይስቃሉ፤ እናቶቻቸው ይቆጣሉ። እማዬ ከጓዳ እስከ ሳሎን ትመላለሳለች፤ እንግዶቹን «ብሉ እንጂ» ትላለች። ዳክዬዋ በዘፈነች ቁጥር ዞር ብዬ እማዬን አያታለሁ፤ እዚያው አለች። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ ለቅሶዬ እመለሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ድካሙ ጣለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ከድኛለሁ። አንድ ከኧርቪንግ ከተማ የመጣ ሰውዬ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ፣ በሩን ከፍቶ ገባ። ጫማውን አወለቀ። መጣና አጠገቤ በርከክ ብሎ «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። እጁን ይዤ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

በሩ ሲከፈት ምንም አልተሰማም ነበር።

«እትዬ» አልኩ፤ «ዳክዬዋ ለምን ዝም አለች?»

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ባትሪ ድንጋዮቹን እንደ ገንዘብ ቋጥረዋቸዋል። «አልጣልኳቸውም፤ አስቀምጬልሻለሁ» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሲገቡ እኮ ዘፈነችባቸው። ለቅሶ ቤት ዘፈን ነውር ነው ብዬ ነው ልጄ። ሰው ምን ይላል?»

ማንም አልነገራቸውም። ማን ይንገራቸው? እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ፣ ባለቤቴ ወንዶቹ ጋ ነው። ለሳቸው በራችን ላይ የተሰቀለችው የልጅ መጫወቻ ናት፤ እኔም የሌላ ሰው ለቅሶ ሄጄ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ሳላመነታ ድንጋዩን አወጣ ነበር። ይህን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ግን ተነስቼ «እማዬ!» አልኩ። ጓዳ የለችም። መኝታ ቤት የለችም። ሰዉ ሁሉ ቆመ።

ከፎርት ወርዝ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቤታችን መጥታ አታውቅም፤ እናቴን አታውቃትም። «አንድ ትልቅ ሴት...» አለች። «ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ጋ ጫማ ሲፈልጉ ነበር። ለቅሶ ልደርስ ነው አሉኝ። ማለቴ፣ እዚህ ደርሰው ሌላ ለቅሶ የሚሄዱ መሰለኝ። ጫማ አንስቼ አደረግኩላቸው፤ በሩንም ከፈትኩላቸው። መረቁኝ።» ከዚያ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። በኋላ ሲታይ ያደረገችላት የሌላ ሰው ጫማ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ባዶ ሆነ። ሁሉም በየመኪናው ገብቶ በየአቅጣጫው ወጣ። ፖሊስ ተጠራ። ነሐሴ ነው፤ የዚህ አገር የነሐሴ ፀሐይ ቆዳ ላይ እንደ እሳት ነው የሚያርፈው፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ባዶ እግሬን ወጥቼ አስፋልቱ ሲለበልበኝ ባለቤቴ ጎትቶ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ወደ ትልቁ መንገድ ነበር የፈለግናት፣ ሁለታችንም፤ ሲያስፈራን የነበረው መኪና ስለሆነ። ታች ሰፈር ብዬ የነገርኳት ትዝ ያለኝ አመሻሹ ላይ፣ ፖሊሱ ኮል አድርጎ አገኘናት ካለን በኋላ ነው።

ከኛ ቤት ብዙ የማይርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ነበረች። ባለቤቶቹ ከከተማ ወጥተው ሲመለሱ በራቸውን ተደግፋ አገኟት። እኛ ሆስፒታል ስንደርስ ገላዋ ገና ይፋጅ ነበር። አላወቀችንም፤ እሱስ ልማዷ ነው። ሳይነጋ አረፈች።

ባለቤቶቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ፈረንጆች። በማግስቱ ራሳቸው መጡ። በራቸው ላይ ካሜራ አለ፤ ያ ባለቤቴ ኦርደር ላድርግ ያለው ዓይነት። ስልካቸው ላይ አንዲት ሴትዮ ደጃፋችሁ ቆማለች የሚል መልእክት ደርሷቸው ነበር፤ በር እያንኳኳ ሃይማኖት ከሚሰብከው ወይም ዕቃ ከሚሸጠው ሰው አንዷ መስላቸው ሳይከፍቱት ዘጉት። ባልየው ቪዲዮውን ልታዩት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ምን እንደምትል እነሱ አያውቁም፣ ምናልባት ለእኛ ይገባን እንደሆነ ብሎ ነው። ባለቤቴ «ባታዪው ይሻላል» አለኝ። ስልኩን ከሰውየው እጅ ወሰድኩት።

እማዬ የሌላ ሰው ሰፊ ጫማ እየጎተተች መጣች። ነጠላዋን በሥርዓት አዘቅዝቃለች፤ ስንት ነገር የረሳች ሴት ይህን አልረሳችም። በሩን አንኳኳች። ጠበቀች። ከዚያ ወደ ካሜራው ተጠጋችና በጠራ ድምፅ፣ ለወራት ሰምቼው በማላውቀው በድሮ ድምፅዋ መናገር ጀመረች።

«እግዜር ያጥናችሁ። ጎረቤት ነኝ፣ ከላይኛው ሰፈር። አሁን ገና ብሰማ ነው የዘገየሁት፣ አትቀየሙኝ።»

ዝም ብላ አዳመጠች። በሩን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ልጅ ነው አሉኝ። የት አለች እናቱ? ክፈቱልኝ፣ እኔ አጠገቧ ልቀመጥ። እናቱን ብቻዋን አትተዉአት።»

የከፈተላት የለም። ፀሐዩ ላይ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ሰብስባ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ለዚያ ለማታውቀው ልጅ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። የሚያቋርጣት ሰው አልነበረም፤ ሻይም አልመጣም። ለወንድሜ እስኪወጣላት ያለቀሰችው እዚያ ነው። ስልኩን ለሰውየው መለስኩለት።

ፍራሹ ሳይነሳ ሁለተኛው ለቅሶ ተተከለበት። ሰው መምጣት ከመጀመሩ በፊት ተነስቼ ከጋራዥ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አመጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ የዳክዬዋን ሆድ ከፈትኩ። ባለቤቴ መጣ፤ የሚከለክለኝ መስሎኝ ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ወንበሩን ያዘልኝ።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ናቸው። በሩን ሲከፍቱ ዳክዬዋ አፏን እየከፈተች እየዘጋች ዘፈነችባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ እግሬ ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ እኔም አቀፍኳቸው። ምን አደርጋለሁ? ሌላ ማንን ልቀፍ?

ከሳቸው በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ በዘፈን ገባ፣ በዘፈን ወጣ። ቄሱም መጡ፤ ቀና ብለው አዩዋት፣ አማተቡ፣ አለፉ። ማንም አልነካትም። እኔ ግን በዘፈነች ቁጥር ልማድ ሆኖብኝ ከፍራሹ ብድግ እላለሁ፣ እማዬን ልይዝ። ባለቤቴ ትከሻዬን ይዞ መልሶ ያስቀምጠኛል።